ወፍ እያዩ ለመሳል በፀደይ የት ይኬዳል? ከከዚራ እስከ ባቢሌ፣ ከድሬና ከሐረር ለሚነሳ ሰው

ወፍ ማየት የሚፈልግ ሰውና ወፍ መሳል የሚፈልግ ሰው አንድ ቦታ አይስማማቸውም። የመጀመሪያው ብዙ ዓይነት ወፍ ካየ ቀኑ ሰመረለት፤ አንዷ ብቅ ብላ ብትጠፋም ማንነቷን ከለየ ይበቃዋል። ሁለተኛው ግን ወፏ ትንሽ እንድትቆይለት፣ ከሄደችም እንድትመለስለት ይፈልጋል። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር «ወፍ ለማየት የት ልሂድ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ሰው ባቢሌን ይጠራላችኋል። ምክሩ ለመጀመሪያው ሰው ትክክል ነው። እርሳስና ደብተር ለያዘ ጀማሪ ግን እኔ ባቢሌን ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነው የማስቀምጠው። ከሁሉ ፊት የማስቀምጠው ደግሞ የሐረርን ሥጋ ገበያ ነው።

ፀደይ የምለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን፣ በልግ የሚጥልበትን ወቅት ነው። ለዚህ ሥራ ከዓመቱ ሁሉ የሚመረጠው ጊዜ ይኸው ነው። ዝናቡ ሣሩን ያበቅላል፣ ነፍሳቱን ያበዛል፤ ሣርና ነፍሳት ሲገኙ ደግሞ ብዙዎቹ የአካባቢያችን ወፎች ጎጆ መሥራት ይጀምራሉ። ጎጆ የያዘ ወፍ በአንድ ጠዋት ወደ አንዱ ቅርንጫፍ ደጋግሞ ይመላለሳል፤ ያመለጣችሁን አቀማመጥ ተመልሶ ያሳያችኋል። ወንዶቹ ደማቅ ላባቸውን የሚለብሱትም፣ ጎልቶ በሚታይ ቦታ ተቀምጠው የሚዘምሩትም በዚህ ሰሞን ነው። ከአውሮፓና ከእስያ መጥተው በጋውን እኛ ዘንድ ያሳለፉት እንግዶች ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ ሰሜን ስለሚመለሱ፣ እነሱን ማየት የፈለገ ሰው ቸኩሎ መውጣት አለበት። ግንቦት ሲጋመስ ደግሞ ድሬ ላይ ሙቀቱ ራሱ ያባርራል፤ ያን ጊዜ ሐረርና ሐረማያ ይሻላሉ።

ቦታ ሳወዳድር አስቀድሜ የምጠይቀው ወፉ ምን ያህል ይቆያል የሚለውን ነው። ቀጥሎ ጥላው፣ መቀመጫው፣ የሰዉ ሁኔታና የመመለሻው ትራንስፖርት ይመጣል። የወፉ ዓይነት ብዛት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የማይቀበል ሰው ከዚህ በታች ያለውን ከታች ወደ ላይ ያንብበው፤ ለእሱ ባቢሌ አንደኛ ይሆንለታል።

ሐረር፦ የጀጎል ሥጋ ገበያ

ሐረር የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ማታ ማታ ጅብ ሲመገብ ለማየት ይጎርፋል። ቀን ላይ ጊድር መጋላ ሥጋ ገበያ፣ ከራሱ በላይ ያለውን ትርኢት ግን ብዙው ሰው ቀና ብሎ ሳያይ ያልፈዋል። ጭልፊቶች ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ሥጋ ሻጩ ቁራጭ ወደ ላይ ሲወረውር አየር ላይ ይቀልቡታል። ደፈር ያለ ጎብኚ ደግሞ ቁራጩን በእጁ ከፍ አድርጎ ይዞ ያስነጥቃል።

ቦታውን አንደኛ የማደርገው ለትርኢቱ ብዬ አይደለም። አንድ ዓይነት የሆኑ ብዙ ወፎች በቅርብ ርቀት፣ በአንድ ጣሪያ ላይ ስለሚቀመጡ ነው። አንዱን ጀምራችሁት ቢበርርባችሁ፣ አጠገቡ ያለው ወደዚያው ዞሮ እስኪቀመጥ ትጠብቁና ሥዕሉን በእሱ ትጨርሱታላችሁ። አንድ ገጽ ላይ አምስት ስድስት ጅምር ይኑራችሁ፦ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከኋላ፣ አንዱ ላባውን ሲያበጥር፣ አንዱ ሊነሳ ሲያጎነብስ። ወፎቹ አቀማመጣቸውን በቀየሩ ቁጥር ወደሚመስለው ጅምር እየተመለሳችሁ መስመር ትጨምራላችሁ። የባቢሌ ቁጥቋጦ ውስጥ አንዲት ወፍ እያሳደዱ እንዲህ ያለ ልምምድ አይገኝም።

ጭልፊቱ መላ አካሉ ቡናማ ነው፤ ያደገው ምንቃሩ ቢጫ ሲሆን የልጁ ጠቆር ይላል። ሲበርር የሚለየው በጭራው ነው፤ ጫፉ መሐሉ ላይ ገባ ያለ ነው፣ በታጠፈም ቁጥር ጭራውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዘመመ ይቀዝፍበታል። በረራውን ለመሳል ላባ መቁጠር አያስፈልግም። አንድ መስመር ለሁለቱ ክንፎች፣ አንድ መስመር ከራስ እስከ ጭራ፣ ከዚያ ክንፉ የሚታጠፍበትን ነጥብ ማግኘት ብቻ ነው። ይቺ ነጥብ ወደ ሰውነቱ ስትቀርብ ወፉ ሊወረወር ነው፤ ስትርቅ እየተንሳፈፈ ነው። ይህን ለይቶ ያየ ሰው ሥዕሉ ባያምርለትም እንቅስቃሴው ይታወቅለታል።

በከተማው ዙሪያ፣ በተለይ ቄራና ቆሻሻ መጣያ ባለበት፣ ከሌሎቹ አነስ ያለ ጥንብ አንሳም ይገኛል፦ ፊቱ ራቁቱን ሆኖ ሮዝ ይመስላል፣ ምንቃሩ ቀጭን ነው፣ ማጅራቱ ላይ ቡናማ ለስላሳ ላባ አለው። ጠዋት ክንፉን ለፀሐይ ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ የመቆም ልማድ ስላለው ለጀማሪ እንዲህ ያለ ታጋሽ ሞዴል የለም። እኛ በየቀኑ እያየን ስለለመድነው አንደነቅበትም እንጂ፣ ይህ ወፍ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል። አፍሪካ ውስጥ በብዛት የሚጨርሰው መርዝ ነው። ሩቅ አገር ያለ ወፍ አፍቃሪ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የሚፈልገው ወፍ ከእኛ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

እንቅፋቱንም ልናገር። ሽታ አለ፣ ደም አለ፣ ግፊያ አለ። ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ገዢ የሚቆምበትን ቦታ ዘግቶ የሚስል ሰው ቢቆጡት ተገቢ ነው። አስፈቅዱ፣ ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ቁሙ፣ የሚበላ ነገር በእጃችሁ አትያዙ፤ ጭልፊት ሥጋና ሳምቡሳ አይለይም። ደብተሩ ሲገለጥ ሰው መክበቡ አይቀርም። «አቦ፣ እኔን ነው ወይስ ጭልፊቱን ነው የምትስለው?» ይላል ቢላዋ የያዘው ሰውዬ። ገጹን ታሳዩታላችሁ፤ ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ የት ብትቆሙ ደህና እንደሚታያችሁ የሚጠቁማችሁ ራሱ ነው። ባይኖኩላር ዓይኑ ላይ የደቀነ ሰው እንዲህ ያለ አቀባበል አያገኝም፤ «ማንን ነው የሚያየው?» የሚል ጥርጣሬ ነው የሚከተለው።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ፦ በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ቢዘጋም ጀጎል ውስጥ ያሉት ሙስሊም ሥጋ ሻጮች ሥራቸውን አያቆሙም። ረመዳን ከሆነ ግን ጠዋቱ ጭር ይላል፤ ከሰዓት በኋላ፣ አፍጥር ሳይደርስ መሄድ ይሻላል።

ድሬዳዋ፦ ከዚራ

ለድሬ ልጅ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወደ ሐረር መውጣት የግድ አይደለም። ከዚራ የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረው ሰፈር ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ትልልቅ፣ ግቢው አበባ ያለበት። ጥላ በነፃ፣ ሻይና ቡና በቅርብ፣ ባጃጅ በየደቂቃው። ወገቡን የሚያመው ወይም ልጆች ይዞ የሚወጣ ሰው ከዚህ ይጀምር እላለሁ።

እዚህ ዋናዎቹ ከሣር ጎጆ የሚሠሩት ቢጫ ወፎች ናቸው። ወንዱ የረጠበ ሣር ወይም ከዘንባባ ቅጠል የተሰነጠቀ ክር በምንቃሩ ያመጣና አስቀድሞ ቀለበት ይሠራል፤ በዚያ ቀለበት ላይ ቆሞ በራሱ ቁመት ልክ ዙሪያውን እየጠለፈ ክፍሉን ያወጣዋል። ሲጨርስ ከታች ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። ሴቷ ገብታ ትፈትሻለች። ካልወደደችው ትወጣለች፤ እሱም ሌላ ይጀምራል፣ አንዳንዴ የሠራውን ራሱ ያፈርሰዋል። አረንጓዴ ሆኖ የምታዩት ጎጆ አዲስ ነው፣ ሥራውም በእሱ ላይ ነው። ደርቆ ቡናማ የሆነውን ተዉት፤ ፊት ለፊቱ ብትቀመጡ ቀኑ በከንቱ ያልፋል።

ለመሳል የሚመቸው ደግሞ ይህ ነው፦ ወፉ ሣር ለመቁረጥ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ በዚያው አቅጣጫ ይንጠለጠላል። ስለዚህ እሱ በሌለበት ጎጆውንና ቅርንጫፉን ትሠራላችሁ፤ ሲመጣ ወፉን ብቻ ትጨምራላችሁ። ቅርንጫፉ አስቀድሞ በልኩ ከተሣለ የወፉም መጠን አይሳሳትም። ጀማሪ በብዛት የሚቸገረው ራሱን አግዝፎ ጭራውን በማሳጠር ነው፤ ጎጆው አጠገቡ ሲኖር መለኪያ ይሆንለታል።

አበባ ካለው ግቢ ምንቃራቸው ቀጭንና ቆልመም ያለ፣ የአበባ ማር የሚመጥጡት ትንንሽ ወፎች አይጠፉም። ወንዶቹ እንደ ብረት ያብረቀርቃሉ። ለዓይን ደስ ይላሉ፤ ለመሳል ግን ያስቸግራሉ። የላባው ብልጭታ በብርሃን አቅጣጫ ስለሚለዋወጥ አሁን አረንጓዴ ያያችሁት ወፍ ዞር ሲል ጥቁር ይሆናል። በእርሳስ የምትሠሩ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ጥቁር አድርጋችሁ ብልጭ ያለበትን ትንሽ ቦታ ነጭ መተው ይበቃል። ረጅም ጭራ ያላቸው፣ በቡድን እየሆኑ ቅርንጫፍ ላይ የሚንጠላጠሉት ግራጫ ወፎችም አሉ፤ እነሱ ተጠጋግተው ሲያርፉ ጥሩ ሥዕል ይወጣቸዋል። ለመጀመሪያ ቀን ግን ርግብ ይሻላል። ርግብ ሲባል ብዙ ሰው ይንቃል፤ ክብ ደረትና ትንሽ ራስ አንድ ጊዜ በትክክል የሣለ ሰው ግን የሌላውን ወፍ ግማሽ ሥራ ጨርሷል።

የከዚራ ችግር ሰዓቱ ነው። ወፉም እናንተም የምትንቀሳቀሱት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወፉ ቅጠል ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፣ የእጃችሁ ላብም ወረቀቱን ያበላሸዋል። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ሁለተኛ ዕድል አለ፤ በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን ያንን ዕድል አያገኘውም፤ ምርጫው የራሱ ነው። ከባቡር ጣቢያው ግቢ ዛፎች ውስጥ ወፍ ለማየት ጥበቃውን አስፈቅዱ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ወደ ካምፕና ወደ ኬላ ባይኖኩላር ማነጣጠር ከጣጣ በቀር ትርፍ የለውም።

ሐረማያ

ሐረማያ ሐይቅ ታሪኩ ብዙ ነው። ለመስኖና ለከተማ መጠጥ ሲሳብ፣ ከተራቆተው ዳገት ደለል ሲወርድበት ኖሮ በ1990ዎቹ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውሃው ተመልሷል። ውሃው ሲመለስ ወፉም ተመለሰ፦ ዳክዬ፣ ዝይ፣ ሽመላ፣ ግንባራቸው ነጭ የሆኑ ጥቋቁር የውሃ ወፎች። እነዚህ ጥቋቁሮቹ በመራቢያ ጊዜ ከነጩ ግንባር በላይ ሁለት ቀያይ እብጠቶች ያወጣሉ፤ ፀደይ ላይ ከቀረባችሁ ይታያል።

ጥያቄው መቅረቡ ላይ ነው። የውሃው ዳር እንደ ዝናቡ ይሸሻል ይመጣል፤ ዳሩ ጭቃ ነው፤ ወፉ መሐል ላይ ይሆናል። ያለ ባይኖኩላር የምታዩት ነጠብጣብ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ወፍ ቆጣሪው ከሥጋ ገበያ ይልቅ ሐረማያን የሚመርጠው፣ እኔም ትክክል ነው የምለው። በሌላ በኩል ተንሳፋፊ ወፍ ለመሳል ቀላል ነው፤ እግር የለም፣ ጣት የለም፣ ሰውነቱ በአንድ ቅርጽ ያልቃል። የሠለጠነ እጅ ላለው ሰው ደግሞ ውሃው፣ ከበስተጀርባው ያለው ማሳና ዳገቱ ተደማምሮ ሙሉ ገጽ ይሞላል።

በጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ውሃውን ያንቀጠቅጠዋል። ዳር ላይ ያለው ማሳ ባለቤት አለው፤ አትክልትም ይሁን ጫት፣ ሳታስፈቅዱ አትርገጡ። አንድ አባወራ «ግባ ልጄ» ካላችሁ የምታገኙት መቀመጫ ከየትኛውም መናፈሻ ይበልጣል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከሆናችሁ ደግሞ የምትፈልጉት ደጃችሁ ላይ ነው፤ ግቢው ዛፍ የሞላበት ነው፣ የሚያስፈልገው መታወቂያ ብቻ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው በበሩ ላይ ጊዜ እንዳያጠፋ ግቢ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ቢኖር ይመረጣል።

በመንገድ ላይ ያሉት፦ ደንገጎና ሐኪም ጋራ

ደንገጎ፣ ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ሜዳው ሲግል፣ ሞቃቱ አየር ገደሉን ይዞ ይወጣል፤ ንስርና ጥንብ አንሳ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ በእሱ ላይ ይሽከረከራሉ። ከእኛ በታች የሚበርር ንስር ጀርባ ማየት ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ነው። ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ ቁጭ ብሎ ለመሳል አይሆንም። መኪና ያለው ሰው ሰፋ ያለ ዳር አግኝቶ ለግማሽ ሰዓት ቢቆም ይበቃዋል።

ሐኪም ጋራ ከሐረር በእግር ይወጣል። ወፉ መካከለኛ ነው፤ ጀጎልን ከነግንቡ ከላይ ማየቱ ግን ለብቻው ያስወጣል። ጥቁር ሆኖ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበትን ወፍራም ምንቃር ቁራ በሐረር ደጋ ካያችሁ ልብ በሉት፤ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የለም። ምንቃሩ ከራሱ ይተልቃል፤ ሲሣል የተጋነነ ይመስላል እንጂ ልኩ ነው።

ባቢሌ

ከሐረር በጅግጅጋ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋን አልፎ ዳካታ ሸለቆ ውስጥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ የቆመበት አለ፤ ከመንገዱ ደቡብ በኩል ደግሞ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የዝሆን መጠለያ ይዘረጋል። በወፍ ዓይነት ከላይ ያሉት ቦታዎች ከዚህ አይወዳደሩም። ረጅም ቆልማማ ቀይ ምንቃር ያላቸው ወፎች፣ ሆዳቸው ብርቱካናማ የሆኑ አብረቅራቂ ሰማያዊ ወፎች፣ ጎፈሬያቸውን አቁመው ግራር ጫፍ ላይ የሚጮሁ ግራጫ ወፎች፣ ጅግራ፣ የተለያዩ ጭልፊቶችና ንስሮች።

ቀይ ምንቃሩ በተለይ የሚያስገርም ነው። ዝናብ ሲገኝ ሴቷ ዛፍ ሽንቁር ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትደፍነዋለች፤ ምንቃር ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን ክፍተት ይቀራል፤ ወንዱ በዚያች ክፍተት ምግብ ያቀብላታል። ይህን የሚያይ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ካያችሁም ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ምግብ ይዞ መጥቶ ሳይገባ ወዲያ ወዲህ የሚል ወፍ ካያችሁ የከለከላችሁት እናንተ ናችሁ ማለት ነው። ይህ ለከዚራም ለሐረማያም ይሠራል።

ታዲያ ለምን ወደ መጨረሻ አወረድኩት? ወፉ ሰው አልለመደም። ቁጥቋጦው እሾህ ነው። ብርሃኑ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሚያፈጥጥ ጥላ ሁሉ ይጠፋል። እየተራመዱ መሳል አይቻልም፤ ሲቀመጡ ደግሞ ወፉ ሌላ ዛፍ ላይ ነው። ወደ መጠለያው ውስጥ ለመግባት ፈቃድና አብሮ የሚሄድ ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ዝሆን በእግር ለሚሄድ ሰው ቀልድ አይደለም። የመንገዱን ሁኔታም ከመነሳት በፊት ከሐረር ሰው ማጣራት ይገባል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለጀማሪ ብዙ ድካምና ባዶ ገጽ ነው የሚሆነው። ዳካታ ግን ለየት ይላል፦ ድንጋዩ አይበርርም። ድንጋዩን ሣሉ፣ ወፍ ቢያርፍበት በጥቁር ነጥብና በጭራ አስገቡት፤ የድንጋዩ ግዝፈት የሚታወቀው በዚያች ነጥብ ነው።

ስለ ዕቃው

ለከዚራና ለሥጋ ገበያ ባይኖኩላር አያስፈልግም። ለሐረማያና ለባቢሌ የግድ ነው። ዕቃው ላይ 8 በ42 ተብሎ የሚጻፈው የመጀመሪያው ቁጥር የሚያቀርብበት እጥፍ ነው፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። 8 ለእኛ ነገር ይበቃል፤ 10 ያቀርባል ግን የእጅ መንቀጥቀጥን አብሮ ያጎላል፤ ሐረማያን ብቻ ለሚያዘወትር 10 ይሁን። 30 እና 50 ያቀርባል እየተባለ በርካሽ የሚሸጠውን አልመክርም፤ ምስሉ ጨለማ ነው። ድሬ ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ያገለገለ ስትገዙ ሩቅ ያለ የመብራት ምሰሶ ወይም ሚናራ እዩበት፤ ሁለት ሆኖ ከታያችሁ ወይም ዓይናችሁን ከጎተተው መልሱት።

ባይኖኩላርና እርሳስ አንድ ላይ አይያዙም። እጅ ሁለት ነው። ስለዚህ አይታችሁ፣ አውርዳችሁ፣ በልባችሁ የቀረውን ብቻ ሣሉ፤ መጀመሪያ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው፣ እየቆየ ይጨምራል። በሞባይል ፎቶ አንስቶ ቤት መሳል ይቀላል፤ እኔ ግን ቢያንስ ለመጀመሪያው ወቅት እሱን ባትለምዱት ነው የምለው። ፎቶው የሚያሳየው አንዲት ቅጽበት ነው፤ ጭልፊቱ በጭራው እንዴት እንደሚቀዝፍ ከፎቶ አይታይም።

እርሳስ 2ቢ (ለስለስ ያለው) አንድ፣ ኤችቢ (ጠንከር ያለው) አንድ፤ ከዚህ በላይ መጀመሪያ ላይ ትርፍ ነው። ላጲስ ቤት ተዉት፤ የተሳሳተው መስመር ከጎኑ ትክክለኛው ሲጻፍ ይጠቅማል። ወረቀት ከጠንካራ ካርቶን ጋር በመቆንጠጫ የተያዘ ይሁን፤ ውድ የሥዕል ደብተር የያዘ ሰው ገጽ ማበላሸት ይፈራል። እስክሪብቶ ለድሬ ይሻላል፤ በላብ እጅ የተነካ እርሳስ ይቀባባል። የውሃ ቀለም የሚወድ ሰው ድሬ ላይ ሳይጨርሰው ይደርቅበታል፤ ሐረር ላይ ከዝናብ በኋላ ደግሞ አልደርቅ ብሎ ይጎትተዋል፤ ብሩሹን ድሬ ላይ በደንብ አርጥቡ፣ ሐረር ላይ ውሃውን ቀነስ አድርጉ። ስም ለመለየት መርሊን የተባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ወፍ ምርምር ማዕከል ነፃ አፕ አለ፤ የአካባቢውን ፋይል ቤት ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ አስቀድማችሁ አውርዱ፤ ባቢሌ መንገድ ላይ ኔትወርክ አትጠብቁ።

እንግዲህ የቱን?

አንድ ቅዳሜ ብቻ ያለው የድሬ ሰው ከዚራ ይሁንበት፤ በ3 ሰዓት ቤቱ ይገባል። የሐረር ሰው ደግሞ ጊድር መጋላ። ሁለቱንም የሚችል ሰው በመጀመሪያ ከዚራ ርግብና ቢጫ ወፍ ላይ እጁን ያፍታታ፣ ከዚያ ጭልፊት ላይ ይሞክር፤ ተገላቢጦሹ ተስፋ ያስቆርጣል። ልጆች ለሥጋ ገበያው ትርኢት ይጓጓሉ፤ ግን እጃቸው ላይ የያዙት ይነጠቃል፣ ጥፍሩም ይቧጭራል፤ ትንንሾቹን ወደ ከዚራ ውሰዱ። ሥዕል የማያጓጓውና ዓይነት መቁጠር የሚወድ ሰው ሐረማያን በመጋቢት መጨረሻ፣ ባቢሌን በሚያዝያ ይያዝ። ባልና ሚስት ሆነው አንዱ ቆጣሪ ሌላው ሠዓሊ ከሆነ ሐረማያ ያስታርቃቸዋል፤ እሱ በባይኖኩላሩ መሐሉን ሲቃኝ እሷ ዳሩን ትስላለች።

ዝናብ ካረገዘ ምርጫው ይለወጣል። ሐረር ላይ ከሆናችሁ ጀጎል መጠለያ አያጣም፤ ዝናቡ እንዳባራ ጭልፊቶቹ ላባቸውን ሊያደርቁ ሲዘረጉ ጥሩ ጊዜ ነው። ሐረማያ ዳሩ ጭቃ ይሆናል፤ ተዉት። ድሬ ላይ ደግሞ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ወርዳችሁ ወፍ መከተል ያምራችሁ ይሆናል፤ ሰማዩ በእናንተ ላይ ጥርት ብሎ ደንገጎ በኩል ከጠቆረ አትውረዱ። ጎርፉ የሚመጣው ከተራራው ነው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በሌሊት መጥቶ ብዙ ሰው የጨረሰው በዚያው መንገድ ነው። ከዳር፣ ከድልድዩ አጠገብ ሆናችሁ ብታዩ ከአሸዋው የሚነሱት ወፎች ከዚያም ይታያሉ።